የራሴን ስዊንግ ማስተማር እስካቆም ድረስ፦ ከቤዝቦል መቺነት ወደ ምት አሰልጣኝነት

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ማይነር ሊግ (ከላይኛው ሜጀር ሊግ በታች ባሉት የፕሮፌሽናል ሊጎች) ዱላ ይዘው ለሚኖሩ፣ የሚቀጥለው ዓመት ውል መኖር አለመኖሩን ለማያውቁና ከጨዋታ በኋላ በምት አሰልጣኝነት መቆየት ለሚያስቡ ልጆች ነው። ልጆቻቸው በሲያትል፣ በዲሲ አካባቢ ወይም በሌላ ከተማ ቤዝቦል የሚጫወቱ ወላጆችም የሚጠቅማቸው ነገር ያገኙበታል። በሁለቱም ወገን አልፌያለሁ። ከተጫዋችነት ስንብቱ ይልቅ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ እጄ የሚያውቀውን ስዊንግ (የዱላ አሰነዛዘር) አፌ ማስተማር እንደማይችል ሳይገባኝ ሁለት የውድድር ዓመት አለፈ፤ የዚያን ዋጋ የከፈሉትም በሥሬ የነበሩ ወጣት መቺዎች ናቸው። ስለዚህ ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ሰው የት እንደሚስትና ለምን እንደሚስት ግን በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

የተጫዋችነት መጨረሻ ምልክት አለው። ወርዋሪው የሚነሳበት ነጭ ጎማ መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ይርቃል። ወርዋሪው ወደፊት ተራምዶ ስለሚለቅ ኳሱ በአየር ላይ የሚጓዘው 16 ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሰዓት 95 ማይል (153 ኪሎ ሜትር) የሚመጣ ፋስትቦል (ቀጥተኛ ፈጣን ውርወራ) ይህን ርቀት በ0.4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ዱላው መንቀሳቀስ ከጀመረበት ኳሱን እስኪያገኝ ደግሞ 0.15 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ለማየትና ለመወሰን የሚተርፈው ሩብ ሰከንድ ብቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ከዚህች ሩብ ሰከንድ ጥቂት ይሸረፋል፤ መቺው ግን አይታወቀውም። ሰውነቱ ራሱ ማካካሻ ይፈልግና ቀድሞ መነሳት ይጀምራል። ቀድሞ ሲነሳ ፋስትቦሉን ይደርስበታል፣ በመጨረሻ ወደ ውጭ የሚሸሸው ስላይደር ግን አየር ያስመታዋል። ስለዚህ «ስላይደር እምቢ አለኝ» የሚል የሠላሳ ዓመት መቺ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ፋስትቦል ላይ ያለውን ሰዓት (ዱላው ከኳሱ ጋር የሚገጥምበትን ጊዜ) ነው። ይህን በራሱ ላይ ያወቀ ተጫዋች የአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ትምህርቱን አግኝቷል፦ የሚታየው ስህተትና ስህተቱን የወለደው ነገር ብዙ ጊዜ የተለያየ ቦታ ላይ ናቸው።

ገና እየተጫወታችሁ ሳለ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ የመምታት ተራ አምስት ነገር ጻፉ፦ ወርዋሪው ማን ነበር፣ ቆጠራው (በመቺው ላይ የሚያዘው ስትራይክና ከክልል ውጭ የሚያልፈው ቦል) ስንት ላይ ነበር፣ ምን እየጠበቃችሁ ነበር፣ ምን መጣ፣ ምን ሆነ። ከአምስቱ ዋናው ሦስተኛው ነው። ሌላውን ሁሉ ቪዲዮ ይይዝላችኋል፤ የጠበቃችሁትን ግን ከእናንተ በቀር የሚመዘግበው የለም። በዚያው ሌሊት ጻፉት። በማግስቱ ከጻፋችሁት ውጤቱ ትዝታችሁን ይቀይረዋል፤ የመታችሁትን ኳስ ሁሉ «ጠብቄው ነበር» ማለት ትጀምራላችሁ።

ስፓኒሽም አሁኑኑ ጀምሩ። በማይነር ሊግ ካሉ ወጣት መቺዎች ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዙዌላ የመጡ ናቸው። በአስተርጓሚ የተነገረ ምክር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በሁለተኛ ቋንቋ መማር ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሰዋስው ባይሟላም ግድ የለም። «ዘገየህ»፣ «ቀደምህ»፣ «ምን አየህ?»፣ «ምን ተሰማህ?» የሚሉትን በጥሩ ስፓኒሽ መጠየቅና መልሱን መረዳት የቻለ አሰልጣኝ ከብዙዎች ይቀድማል።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለማይነር ሊግ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ በጀማሪዎቹ ሊግ 19,800፣ በላይኛው እርከን በትሪፕል-ኤ 35,800 ዶላር ሆነ። የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ክፍያ ግን በ2024 740,000 ዶላር ነበር። መካከለኛ ነገር እምብዛም የለም ማለት ነው፤ ላይ ያልደረሰ ሰው ቁጠባ ይዞ አይወጣም። ስትፈርሙ በውላችሁ የኮሌጅ ክፍያ ከተካተተ ግን በእጃችሁ ያለ ሀብት ነው። ከጨዋታ ከወጣችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ካልጀመራችሁ መብቱ ይጠፋል። ይህን ቀን የሚያስታውሳችሁ ሰው የለም፤ ራሳችሁ ያዙት። የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ወይም ስታቲስቲክስ ብትማሩ ደግሞ ለዚሁ ሥራ በቀጥታ ይጠቅማችኋል።

ስንብት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማርች መጨረሻ፣ የጸደዩ ልምምድ ሲያልቅ ነው። ወደ ቢሮ ትጠራላችሁ፣ ንግግሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ትወጣላችሁ። በዚያች ሰዓት አእምሮ አይሠራም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ወስኑ። የመውጫ የሕክምና ምርመራ ላይ የሚያማችሁ ነገር ካለ ሳይመዘገብ «ጤነኛ ነኝ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን በኋላ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። በማግስቱ ደግሞ በስሜት ወደ ሌላ ሊግ አትሩጡ። ከሜጀር ሊግ ጋር በአጋርነት የሚሠሩት እንደ አትላንቲክ ሊግና ፍሮንቲየር ሊግ ያሉ ሊጎች በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን የምትሄዱት ለመጫወት ነው ወይስ ስንብቱን ላለመቀበል ነው የሚለውን ለይታችሁ ሂዱ። እዚያ ከሄዳችሁ አንድ ነገር ለምኑ፦ እየተጫወታችሁ ምት አሰልጣኙን መርዳት። ይህ በሥራ ማመልከቻ ላይ ዋጋ አለው።

ሥራ ፍለጋውን በተመለከተ፣ ክለቦች የአሰልጣኝ ቦታቸውን በብዛት የሚሞሉት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። በጃንዋሪ የሚጽፍ ሰው ዘግይቷል። ከ2021 ጀምሮ ከሜጀር ሊግ ጋር የተቆራኙት የማይነር ሊግ ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ስለወረዱ ቦታው ጠቧል፤ ተፎካካሪውም ተለውጧል። ሮበርት ቫን ስኮዮክ በፕሮፌሽናልነት ሳይጫወት የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ምት አሰልጣኝ ሆኗል። የኒው ዮርክ ያንኪስ በ2019 ራቸል ባልኮቬክን በማይነር ሊግ ምት አሰልጣኝነት ቀጥሯል። «ተጫውቻለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን በር አይከፍትም። የሚከፍተው አንድ ገጽ ነው፦ አንድን መቺ ወስዳችሁ፣ ችግሩን በቁጥርና በቪዲዮ አሳይታችሁ፣ ምን እንዳሠራችሁትና ከስምንት ሳምንት በኋላ ምን እንደተለወጠ የጻፋችሁበት። ይህን ገጽ ለማዘጋጀት በሠፈራችሁ ባለው የልምምድ ኬጅ (በመረብ የታጠረ መምቻ ቦታ) የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን አሠልጥኑ። የፕሮፌሽናል መቺ ያልገባውን ነገር በትህትና ይውጠዋል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ያልገባው ነገር ወዲያው ፊቱ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። አዲስ አሰልጣኝ የሚያስተምረው የራሱን ስዊንግ ነው። ሌላ የሚያውቀው የለውማ! ችግሩ ግን ከዚህ ይብሳል፤ የሚያስተምረው ስዊንጉን እንኳ አይደለም፣ ስዊንጉ ሲሠራ የተሰማውን ስሜት ነው። ስሜቱና እውነታው ደግሞ አይገጥሙም። ታላላቅ መቺዎች «ወደ ታች ነው የምመታው» ሲሉ ኖረዋል። ቪዲዮ ሲዘገይ ግን ዱላቸው ኳሱ ጋ ሲደርስ በጥቂቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፋስትቦል ሆም ፕሌት ሲደርስ በ6 ዲግሪ ያህል ቁልቁል እየወረደ ነው፣ ታጥፎ የሚወርደው ከርቭቦል በ10 ዲግሪ ገደማ። ዱላው ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ላይ ሲሄድ በኳሱ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ትንሽ ቢቀድም ወይም ትንሽ ቢዘገይም ይነካዋል። ታዲያ «ወደ ታች» የሚለው ስሜት ከየት መጣ? ያ መቺ ኋላ ትከሻው አብዝቶ የመውደቅ ልማድ ስለነበረው «ወደ ታች» ብሎ ሲያስብ ትክክለኛው ላይ ያርፋል። ለእሱ መድኃኒት ነው። ትከሻው የማይወድቅ ልጅ ይህንኑ ሲሰማ ግን ኳሱን እየከተፈ መሬት ለመሬት ያንከባልለዋል። በዚህ ምክር የተበላሹ ልጆችን አይቻለሁ፤ ያበላሻቸውም የእኔው ቃል ነበር። ስለዚህ ከማስተማራችሁ በፊት የራሳችሁን ስዊንግ በዝግታ ቪዲዮ እዩት፣ አደርገዋለሁ የምትሉትንና የምታደርጉትን ጎን ለጎን ጻፉ። ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል።

የተጫዋችነት ታሪክ ለማሠልጠን ዋስትና እንደማይሆን የሚያሳይ ምሳሌ ሞልቷል። ቻርሊ ላው በሜጀር ሊግ ሥራው የምት አማካዩ .255 የነበረ ተቀባይ ነው፤ ከ1,000 ሙከራ 255 ማለት ነው። ነገር ግን በካንሳስ ሲቲ ምት አሰልጣኝ ሆኖ ጆርጅ ብሬትን ያነጸው እሱ ነው፤ ብሬት በ1980 .390 መትቷል። የ762 ሆምራን (አጥር የሚያልፍ ምት) ባለቤት ባሪ ቦንድስ በበኩሉ በ2016 የማያሚ ማርሊንስ ምት አሰልጣኝ ሆኖ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ነው። ላው የራሱ ምት ስላልበቃው የሌሎችን ሲያጠና ኖረ ብዬ አምናለሁ።

በሁለቱም ወገን የተሳካለትን ካነሳን ኤድጋር ማርቲኔዝ ይቀድማል፤ የእሱን ጉዞ ደግሞ እያንዳንዱ ወጣት አሰልጣኝ ሊያውቀው ይገባል። ፖርቶ ሪኮ አድጎ በ1982 ከሲያትል ማሪነርስ ጋር ሲፈርም ያገኘው 4,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ በ1983 በማይነር ሊጉ ቡድን በቤሊንግሃም .173 መታ። በዚያ ቁጥር የሚያሰናብቱት አልጠፉም ነበር፤ በተከታዩ ዓመት .303 መታ። በሲያትል ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1990፣ በ27 ዓመቱ ነው። በ1992 በ.343፣ በ1995 ደግሞ በ.356 የአሜሪካን ሊግ የምት አሸናፊ ሆነ። እስከ 2004 ተጫውቶ አማካዩን .312 ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይህን ሁሉ ያደረገው የአንድ ዓይኑ አቅጣጫ እየሳተ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ አብረው የማይተባበሩበት ችግር እያለበት ነው። በየቀኑ የዓይን ልምምድ ይሠራ ነበር፤ ቁጥር የተጻፈባቸው የቴኒስ ኳሶች ከማሽን ሲወረወሩ ቁጥሩን ያነብ ነበር። ከ2015 አጋማሽ እስከ 2018 የማሪነርስ ምት አሰልጣኝ ሆነ፣ በ2019 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ፣ በኦገስት 2024ም ወደ ቡድኑ ተመልሶ መቺዎቹን ያዘ።

እኔ ከእሱ የወሰድኩት ቅደም ተከተሉን ነው። አዲስ መቺ ሲመጣላችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት አትናገሩ፣ ተመልከቱ። ከዚያ በዚህ ሥርዓት መርምሩ፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ ቀጥሎ ውሳኔ፣ ቀጥሎ ሰውነት፣ በመጨረሻ የዱላው መንገድ። አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም በቪዲዮ የሚታየው እሱ ነው።

ዓይን ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ መመርመር ማለት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ፊደል ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ ሁለቱ ዓይኖች በጥልቀት አብረው መሥራታቸው መታየት አለበት። ልምምዱ ርካሽ ነው። ኳሶች ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ አድርጉ፣ ወርዋሪው ሲለማመድ መቺው ሳይመታ ቆሞ ቀለሙን ይጥራ። ስምንት ወይም አሥር ውርወራ በቀን ይበቃል።

ሰዓትን የምታነቡት በፋውል ኳሶች (ተመተው ከመስመር ውጭ በወጡት) ነው። ቀኝ እጅ መቺ ወደ ግራ መስመር ፋውል ካበዛ ቀድሟል፣ ወደ ቀኝ ካበዛ ዘግይቷል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መረቡ ከሄደ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ዱላው ብቻ በትንሹ ከሥር ገብቷል። የዘገየውን «ፍጠን» አትበሉት። ፍጠን የተባለ መቺ ትከሻውን ያጠነክራል፣ የጠነከረ ትከሻ ደግሞ ያዘገያል። በምትኩ ቀድሞ ይነሳ፣ ግን በዝግታ። የፊት እግሩ መሬት የሚይዘው ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ይህን ቪዲዮ ላይ አቁማችሁ አሳዩት፣ ከቃላት ይልቅ ያምነዋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ለወርዋሪው ወደ ታች የሚቆጥረው የሜዳ ሰዓት 8 ሰከንድ ላይ ሲደርስ መቺው ተዘጋጅቶ ወደ ወርዋሪው ማየት አለበት፤ አለዚያ ስትራይክ ይቆጠርበታል። ጓንት እያሰሩ እየፈቱ መረጋጋት ቀርቷል። መረጋጊያው አንድ ትንፋሽና ዱላው ላይ አንዲት ምልክት ማየት ይሁን፤ ከአምስት ሰከንድ አይለፍ።

ውሳኔ ላይ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። መቺው ከስትራይክ ክልል (ከሆም ፕሌቱ በላይ፣ ከጉልበት እስከ ደረት ገደማ ካለው ቦታ) ውጭ ካለፉት ኳሶች ስንቱን ለመምታት ሞከረ? የሜጀር ሊግ መቺዎች በአማካይ ከአሥሩ ሦስት ያህሉን ይሞክራሉ። ከአሥሩ አራትና ከዚያ በላይ የሚሞክር ልጅ ስዊንጉ ምንም ቢያምር ለመምታት ይቸገራል። ለእሱ ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት መቆሚያ) ላይ ሺህ ጊዜ መምታት ጊዜ ማባከን ነው፤ ቲ ላይ ያለ ኳስ ውሳኔ አይጠይቅም። ኬጅ ውስጥ ፋስትቦልና ስላይደር ተቀላቅሎ፣ ስትራይክም ቦልም እየሆነ ይወርወርለት፤ ጥሩ ኳስ መምታቱን ብቻ ሳይሆን መጥፎውን መተዉንም ነጥብ ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት አስቀያሚ ይሆናል፤ ልጁም እናንተም ትበሳጫላችሁ። ለጨዋታ የሚያዘጋጀው ግን ይህ ነው።

ስለ ቲ ካነሳሁ፣ በየመናፈሻው የማየውን አንድ ስህተት ልንገራችሁ፣ ወላጆችም ስሙ። ቲውን ሆም ፕሌቱ መሃል ላይ ተክለው ልጁን ከጎኑ ያቆሙታል። እንዲህ ሲሆን ኳሱ የሚመታው ከሰውነቱ ጎን፣ ዱላው ገና ጉልበት ሳያገኝ ነው። ኳሱ የሚቀመጥበትን ከልጁ የፊት እግር ለኩ፦ ወደ ሰውነት የቀረበ ኳስ ከፊት እግሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት፣ የመሃሉ ከፊት እግሩ ትይዩ፣ የውጩ ደግሞ ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ። ቁመቱንም ቀያይሩ፤ ሁልጊዜ ወገብ ላይ የሚመታ ልጅ ደረት ላይ የመጣለትን አያውቀውም።

የቀን ልምምድ ብዛት ሌላው የጀማሪ አሰልጣኝ ወጥመድ ነው። ሦስት መቶ ምት ትጋት ይመስላል፤ ከሰማንያ በኋላ ግን የሚለማመደው ድካምን ነው። ለእኔ የሠራልኝ ልክ ይህ ነው፦ ቲ ላይ 15፣ ከ5 ሜትር ገደማ ከመከላከያ መረብ ጀርባ በእጅ ከሥር የሚጣል 20፣ በማሽን ፈጣን 15፣ ተቀላቅሎ የሚመጣ 15። በአንድ ዙር ከስድስት አይበልጥ፤ በመሃል ወጥቶ ይተንፍስ። ማሽኑ 95 ማይል ማውጣት ካልቻለ አቅርቡት፦ ከ12 ሜትር ላይ በሰዓት 67 ማይል የተለቀቀ ኳስም በ0.4 ሰከንድ ይደርሳል። የዱላ ፍጥነት ለመጨመር 20 በመቶ የከበደና 20 በመቶ የቀለለ ዱላ ማፈራረቅ ይጠቅማል፤ በዕረፍቱ ወራት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ። በውድድር መሃል አትጀምሩት።

ቃል ስትመርጡ ከአካል ወደ ውጭ ውሰዱት። «ክርንህን አስገባ» የተባለ መቺ ስለ ክርኑ እያሰበ ኳሱ ያልፈዋል። «ከሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ከሚቆመው ተከላካይ) ራስ በላይ አሳልፈው» ያላችሁት መቺ ክርኑን ራሱ ያስተካክለዋል። ለአንድ መቺ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ሁለተኛው ነገር ትክክል ቢሆንም ያቆይ።

ስለ መሣሪያዎችም ቃል አለኝ። በሜጀር ሊግ ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ምት ይለካል፤ ዛሬ የዱላ እጀታ ላይ የሚገጠም መለኪያ በየኬጁ አለ። ከዱላ የተነሳ ኳስ በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠንካራ ምት ይባላል፤ ከ8 እስከ 32 ዲግሪ ያለው የመነሻ ማዕዘን ደግሞ ፍሬያማው ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አጠቃቀማችን ነው የሚጎዳው። ኳሱ በ80 ማይል ለሚነሳ ልጅ «ወደ ላይ ምታ» ስትሉት ኳሱ 80 ሜትር አካባቢ ሄዶ ይወድቃል። አጥሩ ግን በብዙ ሜዳዎች ከ100 ሜትር ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ለውጭ ሜዳ ተጫዋች ኳስ እያቀበለ ነው ማለት ነው። ለእሱ መጀመሪያ ጉልበትና የዱላ ፍጥነት፣ እስከዚያው ዝቅ ያለ ቀጥተኛ ምት። ማዕዘኑ በኋላ ይመጣል።

አሁን በጣም የማዝንበት ነገር። መቺው ሃያ ጊዜ በተከታታይ ሳይሳካለት ሲቀር ሁሉም ወደ ምት አሰልጣኙ ያያል፣ አሰልጣኙም አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብሎ ስዊንጉን ይቀይራል። እስቲ እናስላው። አማካዩ .250 የሆነ መቺ በዓመት 500 ጊዜ ለመምታት ቢሞክር፣ ምንም ችግር ሳይኖርበት በዕድል ብቻ 15 ጊዜ በተከታታይ የመሳት አጋጣሚው ከአምስት አራት ያህል ነው። ሃያ ጊዜ የመሳቱ ደግሞ ከሦስት አንድ ያህል። ቡድናችሁ 13 መቺ ካለው አራቱ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ይገባሉ፣ እናንተ ብትነኳቸውም ባትነኳቸውም። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ኳሱን የሚመታበት ጉልበት ቀንሷል? ከክልል ውጭ ያለ ኳስ መሞከር አብዝቷል? ሰዓቱ ተለውጧል? ሦስቱም እንደነበሩ ከሆኑ ስዊንጉን አትንኩ፤ ልጁን ምሳ ጋብዙት፣ ቁጥሩን አሳዩት፣ ከጎኑ ቁሙ። አንዱ ከተለወጠ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ጤናው ነው። የታችኛው እጅ መዳፍ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ዱላ ሲጨብጥ የሚያመው ከሆነ ሃሜይት የምትባለው ትንሽ የእጅ አጥንት ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል። የዱላው ጫፍ የሚያርፍባት ናት፤ በተራ ራጅ ላይ ልትሰወር ስለምትችል ሲቲ ስካን ይጠየቅ። የጎን ሆድ ጡንቻ መሳብም እንዲሁ ነው፤ ሲሰነዝር የሚወጋው ልጅ «ተወጠርኩ» ብሎ ካለፈው ለሳምንታት ይቀመጣል።

የጨዋታ ቀን ለምት አሰልጣኝ ረጅም ነው። በማይነር ሊግ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከአንድ ቡድን ጋር ስድስት ጨዋታ ይደረጋል፣ ሰኞ ዕረፍት ነው። ለማታው ጨዋታ ከምሳ ሰዓት በፊት ትገባላችሁ። የዕለቱን ወርዋሪ መረጃ አሥር ገጽ ታነቡና ለመቺው የምትሰጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሁለት ስትራይክ እስኪሆን ድረስ ከወገብ በላይ ያለ ፋስትቦል ጠብቅ፤ ከጉልበት በታች የሚጀምረውን ተወው።» ገጾቹን ሁሉ የሚያስረክብ አሰልጣኝ ፍርሃቱን ለመቺው አስተላልፏል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ስለ አካል አቋቋም አይወራም። መቺው ተመልሶ ሲቀመጥ ሁለት ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ኳሱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደታጠፈ ከሆነ ደህና ነው። መልሱ ስለ እጁና ስለ ወገቡ ከሆነ በማግስቱ ኬጅ ውስጥ ሥራ አላችሁ።

ለወላጆች ስለ ዱላ ትንሽ ልጨምር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በኮሌጅ የብረት ዱላ ርዝመቱ በኢንች፣ ክብደቱ በአውንስ ሲቆጠር ልዩነቱ ከሦስት አይበልጥም፤ 33 ኢንች ከሆነ ቢያንስ 30 አውንስ። ልጁ «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ዱላውን በአንድ እጁ ወደ ጎን ዘርግቶ ሃያ ሰከንድ መያዝ ካቃተው ከብዶታል። ወደ እንጨት ሲሸጋገር ደግሞ ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት የፋብሪካው ማርክ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይይ፤ ማርኩ ወደ ኳሱ ከዞረ ዱላው በደካማ ጎኑ ይመታና ይሰበራል።

መቺያችሁ አንድ ቀን ወደ ላይኛው እርከን ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ ማታ ተነግሮት በማለዳ ይበራል። በዚያች ሌሊት ለሚቀጥለው አሰልጣኝ አንድ ገጽ ላኩ። ስዊንጉን አትግለጹ፣ ቪዲዮው አለ። ሰዓቱ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምን እንደሆነ፣ የትኛው ልምምድ በስንት ቀን እንደሚመልሰው፣ ከጨዋታ በፊት ስንት ምት እንደሚበቃው፣ ሲሳሳት ዝም ማለትን ይፈልግ ወይም መነጋገርን፣ የቆየ ሕመሙ የት እንደሆነ ጻፉ። በመጨረሻው መስመር ልጁ ነገሩ ሲሠራለት የሚጠቀምበትን ቃል፣ በስፓኒሽም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ራሱ እንደሚለው አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንግዳ ቢመስልም አታርሙት፤ አዲሱ አሰልጣኝ በዚያችው ቃል ይጀምር።